ቤት ድረስ የሚመጣ የቡችላ ሥልጠና፦ ለከፈልነው ገንዘብ ምን አገኘን?

ቤት ድረስ እየመጡ ቡችላ የሚያሠለጥኑ ባለሙያዎችን ማስታወቂያ በአዲስ አበባ የቴሌግራም ቻናሎች ላይ ማየት የተለመደ ሆኗል። ማስታወቂያዎቹ በአብዛኛው ይመሳሰላሉ፤ የወታደር ሱሪ የታጠቀ አሠልጣኝ፣ ከጎኑ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ የተቀመጠ ጀርመን ሼፐርድ፣ ከፎቶው ሥር ደግሞ ውሻው በአንድ ወር ውስጥ «ፍጹም ታዛዥ» እንደሚሆን የሚገልጽ ተስፋ ይነበባል። እኛ የቀጠርነው አገልግሎትም በማስታወቂያው ከሌሎቹ የሚለይበት ነገር አልነበረውም። በሥራው ግን የተለየ ሆኖ አግኝተነዋል፤ የተለየውም ለውሻው ባስተማረው ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ከውሻው ጋር ለሚውሉት ሰዎች ባስተማረው ነው። አገልግሎቱን በስም ሳልጠራ የሠራልንንም ያጎደለብንንም እጽፋለሁ። አሠልጣኞቹ በአንድ ድርጅት ጥላ ሥር ቢሠሩም ሥራቸው ከሰው ሰው ይለያያል፤ ስለዚህ አንባቢን የሚጠቅመው የድርጅቱ ስም ሳይሆን ከማንኛውም አሠልጣኝ ምን መጠየቅ እንዳለበት ማወቁ ነው።

ውሻችን ጃክ የጀርመን ሼፐርድ ክልስ ነው። ወደ ቤታችን የመጣው በሁለት ወሩ ሲሆን፣ አሠልጣኝ ማፈላለግ ስንጀምር አራተኛ ወሩን ይዞ ነበር። በዚያ ዕድሜው የሚሠራውን ጥፋት ቡችላ ያሳደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ እጅ ይነክሳል፣ እንግዳ ላይ ይንጠለጠላል፣ ከደጃፍ ጫማ እየወሰደ አልጋ ሥር ያኝካል፣ የሳሎኑ ምንጣፍ ላይ ይሸናል፣ ልጆች ሲሮጡ ተከትሎ ተረከዛቸውን ይይዛል። አሠልጣኙ መጀመሪያ ያስረዳን ከእነዚህ መካከል አብዛኞቹ የባሕርይ ብልሽት አለመሆናቸውን ነው። ጀርመን ሼፐርድ እ.ኤ.አ. በ1899 ማክስ ፎን ሽቴፋኒትስ በተባለ የፈረሰኛ መኮንን አማካይነት ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ ሲመዘገብ ዋና ሥራው በግ መጠበቅ ነበር። የሚሮጥን ነገር ማሳደድ፣ መክበብና በጥርስ እየነካኩ ወደ መንጋው መመለስ ከዘሩ ይዞት የመጣው ችሎታ ነው። በግ በሌለበት ግቢ ውስጥ የእህቴ ልጆች የበጎቹን ቦታ ይዘዋል ማለት ነው።

በመጀመሪያው ቀን አሠልጣኙ ወደ ግቢው እንደገባ ውሻውን ለመንካት አልቸኮለም፤ መጀመሪያ የክትባት ካርዱን ጠየቀ። ነገሩ ቀላል ቢመስልም ለእኔ ትልቅ ምልክት ነበር። አሠልጣኝ በአንድ ቀን ከግቢ ግቢ ይዞራል፤ ቡችሎችን የሚፈጀው የፓርቮ ቫይረስ ደግሞ በጫማና በልብስ ሊጓጓዝ፣ በአፈር ውስጥም ለወራት ሊቆይ ይችላል። ካርዱን ከተመለከተ በኋላ ልጆቹን ጠርቶ የቡችላው ጥርስ ቆዳቸውን ከበሳ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ለቤተሰብ መናገርና ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባቸው አስረዳቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ቡችላው ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ስለሚሰጥ፣ ከዚያ በፊት የሚደርስ ንክሻ እንደ ጨዋታ ብቻ መታየት የለበትም። ካርድ ሳይጠይቅ ሥልጠና የሚጀምር ሰው ካጋጠማችሁ ከበር ብትመልሱት አትጎዱም።

ይህ ማለት ግን ቡችላው ክትባቱን ሁሉ እስኪጨርስ ድረስ ሰውም ዓለምም ሳያይ ይዘጋበት ማለት አይደለም። ቡችላ ከሰው፣ ከድምፅና ከአዲስ ነገር ጋር በቀላሉ የሚላመድበት ጊዜ ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት አካባቢ ያለው ነው። የአሜሪካ የእንስሳት ባሕርይ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መግለጫ ቡችሎች የመጀመሪያውን ክትባት ከወሰዱ ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ገና በሰባተኛውና በስምንተኛው ሳምንታቸው ማላመዱ ሊጀመር እንደሚችል አስፍሯል። እንደ ጃክ አሥራ አራተኛ ሳምንቱን ያለፈ ቡችላም ይለመዳል፤ የሚፈልገው ዝግታ ነው። አሠልጣኙ የባጃጁን ድምፅ፣ የቆርቆሮ በሩን መንኳኳትና ጃንጥላ የያዘ ሰውን በየተራ፣ ከሩቅ እየጀመረ ያስተዋወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ቀጥሎ ያቀረበው ጥያቄ የአገልግሎቱን ዋጋ የወሰነ ነው ብል አላጋነንኩም። «ቀን ቀን ከውሻው ጋር የሚውለው ማን ነው?» አለ። ዘበኛችንና የቤት ሠራተኛችን መሆናቸውን ስንነግረው፣ «እንግዲያውስ ጋሼም ይምጡልን፣ እህታችንም ሥራዋን ትንሽ ታቆይልን» አለና ሁለቱ እስኪመጡ ማሰሪያውን ከቦርሳው አላወጣም። ቀደም ሲል ያነጋገርናቸው አሠልጣኞች ሁሉ «ባለቤቱ ማን ነው?» ብለው ነበር የጠየቁት። የከተማችንን ኑሮ ለሚያውቅ ሰው በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ያለው ልዩነት ግልጽ ነው፤ ገንዘቡን የሚከፍለው ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ ይመለሳል፣ ቡችላው ግን መልካሙንም ክፉውንም ልማድ የሚያዳብረው በመካከሉ ባሉት ሰዓታት ነው።

ከሁሉም በፊት የተያዘው የንክሻው ጉዳይ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የረካሁትም በእሱ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርሶች አሉት፤ እነዚህ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ወር ጀምሮ እየወለቁ እስከ ሰባተኛው ወር ገደማ በ42 ቋሚ ጥርሶች ይተካሉ፤ በዚህ ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከው ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። በተጨማሪም ቡችሎች እርስ በርሳቸው የሚጫወቱት በጥርስ ነው። አንዱ ጠንከር አድርጎ ሲነክስ ሌላው ይጮኽና ጨዋታውን ጥሎ ይሄዳል፤ በዚህም ምን ያህል መንከስ እንደሚፈቀድ ይማማራሉ። ከእናቱና ከወንድሞቹ ቀድሞ የተለየ ቡችላ ይህን ትምህርት ሳይጨርስ ነው ሰው እጅ የሚገባው። በየቤቱ የሚደረገው እጅን መንጠቅ፣ መጮኽና አፍንጫውን በጥፊ ማለት ሦስቱም ነገሩን ያባብሳሉ፤ የተነጠቀ እጅ የሚሮጥ ነገር ይሆንለታል፣ ጩኸቱ ጨዋታ ይመስለዋል፣ ጥፊው ደግሞ እጅ ሲመጣ ቀድሞ መንከስን ያስተምረዋል።

እናቴ ነጠላዋን ለብሳ በግቢው ስታልፍ ጃክ ከኋላዋ መጥቶ የጥለቱን ጫፍ ይይዛል፤ እሷ ወደ ፊት ትጎትታለች፣ እሱ ወደ ኋላ። አሠልጣኙ ይህን በዓይኑ ለማየት ፈልጎ እናቴን እንደ ወትሮዋ እንድታልፍ ለመናት። ቡችላው ጥለቱን እንደያዘ፣ «እማማ፣ አይጎትቱ፤ ዝም ብለው ይቁሙ፣ ዓይኑንም አይዩት» አላት። እናቴ ቆመች። ጃክ ራሱን ግራና ቀኝ ወዘወዘ፣ ጨርቁ አልሮጥ ሲለው መንጋጋውን ላላ አደረገ፤ በዚያችው ቅጽበት አሠልጣኙ «ጎሽ!» ብሎ ከወገቡ ከረጢት ያወጣትን ቁራሽ ጉበት አጎረሰው፣ ወዲያውም የተቋጠረ አሮጌ ገመድ አፉ አጠገብ አኖረለት። ዘዴው በሙሉ ይኸው ነው፤ የሚይዘው ነገር እንዳይሮጥለት ማድረግ፣ የለቀቀበትን ቅጽበት መሸለም፣ ሊነክሰው የተፈቀደለትን ነገር ወዲያው መስጠት። ከባዱ ቅጽበቷን አለማሳለፍ ነው፤ ቃሉ አፉ በተከፈተበት ሰዓት ካልተሰማ ቡችላው የተሸለመው በምን እንደሆነ አያውቅም። እናቴ ትምህርቱን ወድዳው በራሷ ብልሃት ጉበቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መያዝ ብትጀምርም፣ ጃክ አሁን ነጠላውን የሚከተልበት ሌላ ምክንያት እንዳገኘ የታዘበው አሠልጣኝ በትሕትና ከልክሏታል።

የመንጠልጠሉ ነገር በአገራችን የሰላምታ ልማድ ምክንያት ከሌላው ዓለም የበለጠ ያስቸግራል። እንግዳ በር ላይ ሲደርስ ጉንጭ ለጉንጭ መሳሳሙ፣ የጤና፣ የልጆችና የዘመድ ጥያቄው ረዘም ስለሚል፣ ቡችላው በዚያ ሁሉ ጊዜ በሁለት እግሩ ቆሞ የሰላምታው ተካፋይ ለመሆን ይታገላል። እንግዳውም ብዙ ጊዜ «ኧረ ይቺን ቡችላ!» እያለ ያሻሸዋል፤ በዚህም መንጠልጠል ዋጋ እንዳለው ያረጋግጥለታል። አሠልጣኙ ያወጣው ደንብ አራቱም እግሮቹ መሬት እስካልነኩ ድረስ ማንም እንዳያየው፣ እንዳያናግረው፣ እንዳይነካው የሚል ነው፤ እንግዳን መቅጣት ስለማይቻል ደግሞ ዘበኛው በሩን ከመክፈቱ በፊት ጃክን በማሰሪያ እንዲይዘውና ሰላምታው ሲያበቃ ተቀምጦ እንዲቀርብ አደረገ። ውጤቱ በቤተሰቡ ላይ ቶሎ ታየ፣ በእንግዳ ላይ ዘገየ፤ ወንድ አያታችን ሲመጡ ደግሞ ደንቡ ሁሉ ይፈርሳል፤ እሳቸው ቡችላ የሚያቅፉ ሰው ናቸው፣ ማንም ሊከለክላቸው አልደፈረም።

ለሽንቱ የተሰጠን መመሪያ ቀላል ነው። ቡችላ ሽንቱን መያዝ የሚችለው በወር ዕድሜው ላይ አንድ ተደምሮ በሚገኘው ሰዓት ያህል እንደሆነ ይገመታል፤ የአራት ወር ቡችላ ከአምስት ሰዓት በላይ ሊጠየቅ አይገባም። ከእንቅልፉ ሲነሣ፣ ከበላ በኋላና ከጨዋታ በኋላ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ መውሰድ፣ እዚያው ሲሸና እዚያው መሸለም ነው። አፍንጫውን ሽንቱ ላይ ማሸት በየቤቱ የተለመደ ቅጣት ቢሆንም፣ ከሰዓታት በፊት ያደረገውን ከቅጣቱ ጋር ሊያገናኝ ስለማይችል የሚማረው ተደብቆ መሽናትን ብቻ ነው። ለጽዳቱ በረኪና በሽንት ላይ ማፍሰስ የሚያፍን ጋዝ ስለሚያወጣ ቤት ሠራተኛችን እንድትተወው ተደርጎ በውኃ የቀጠነ አቼቶ ተተክቷል። ይህ ክፍል ያለ አሠልጣኝም ሊሠራ የሚችል ስለሆነ ብዙ የምለው የለኝም።

ማኘኩን በተመለከተ ያገኘነው ምርጥ ምክር ገንዘብ የማይጠይቅ ነበር፤ ጫማው ሁሉ ከደጃፍ ተነሥቶ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ገባ። ቀጥሎ የመጣው የሚፈቀድለትን ማኘኪያ ማዘጋጀት ነው። አንድ ዘመዳችን ከአሜሪካ ሲመጣ ኮንግ የተባለውን ቀዳዳ ያለው ጠንካራ የጎማ መጫወቻ አምጥቶልናል፤ የዚህ ዕቃ መነሻ ራሱ ከእኛ ችግር ጋር የሚዛመድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጆ ማርክሃም የተባለ የኮሎራዶ ነዋሪ ድንጋይ እያኘከ ጥርሱን የሚጨርስ ጀርመን ሼፐርድ ነበረው፤ መኪና ሲጠግን የፈታውን የፎልክስዋገን የጎማ ክፍል ውሻው ከድንጋዩ አስበልጦ ሲያኝክ አይቶ ነው ሐሳቡ የመጣለት። ጎማው ውስጥ የተፈጨ የተቀቀለ ድንች ወይም ጨው የሌለው የአጃ ገንፎ ሞልተን ፍሪጅ ውስጥ ስናስቀዘቅዘው ጃክ ረዘም ላለ ጊዜ ሥራ ያገኛል፤ ሥራውን ሲጨርስም ይተኛል፣ እንቅልፉ ደግሞ ለሥልጠናው ራሱ አስፈላጊ ነው፤ ቡችላ በቀን ውስጥ እስከ አሥራ ስምንትና ሃያ ሰዓት ሊተኛ ይገባዋልና፤ እንቅልፍ ያጣ ቡችላ እንደ ደከመው ሕፃን ይነጫነጫል፣ ይነክሳልም። ዕቃውን ማግኘት ለማይችል ሰው አሠልጣኙ ያሳየን ምትክ የተቋጠረ እርጥብ ፎጣ በፍሪጅ አቀዝቅዞ መስጠት ነው፤ ፎጣው እየተበጣጠሰ እንዳይዋጥ ግን ሰው አጠገቡ መሆን አለበት።

ስለ ጉርሻው የሰጠን ትምህርት ደግሞ ከውጭ አገር በተቀዳ ቪዲዮ ላይ የማይገኝ ነው። ሽልማቱ የሽምብራ ፍሬ የምታክል፣ ሽታ ያላትና ቶሎ የምትዋጥ መሆን አለባት፤ የተቀቀለ ጉበት ለዚህ ተወዳዳሪ የለውም። በጾም ወራት ግን ጉበት የሚቀቀልበት ድስት በማዕድ ቤታችን ጉዳይ ሆኖ ተነሣ። መፍትሔው ጾሙ ከመግባቱ በፊት ቀቅሎ፣ ከትፎ፣ በትናንሽ ፌስታል ቋጥሮ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ሆነ፤ ለቀላሉ ልምምድ ካሮትና ድንች፣ ለከባዱ ጉበት እየተባለ እንዲከፋፈልም ተደረገ። ከዚህ በላይ ያስደነገጠን ግን ለውሻ የሚጣለው የወጥ ትራፊ ነገር ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰንጥቆ አንጀት ሊወጋ ይችላል፣ ዘቢብ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል፣ ቸኮላትም መርዝ ነው። ዘበኛችን ከኪሱ ለጃክ የሚያካፍለው ቆሎ ዘቢብ የተቀላቀለበት ስለነበር ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆሎው ለብቻ መገዛት ጀምሯል።

ወደ ዘበኛችን ልመለስ፤ ምክንያቱም አገልግሎቱ ከሌሎች የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዘበኛችን ዕድሜያቸው የገፋ፣ በገጠር ብዙ ውሻ ያሳደጉ ሰው ናቸው። እምነታቸው ግልጽ ነበር፤ ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ እንዲህ ሲሆን ኃይለኛ ይወጣዋል፤ ከማንም እጅ የሚጎርስ ውሻ ግን ሌባ ጉበት ይዞ ቢመጣ ያስገባዋል። ሌላ አሠልጣኝ ቢሆን ይህን አሮጌ አስተሳሰብ ነው ብሎ ያልፈው ነበር። የእኛው ግን ከዘብ ቤቱ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ አብሯቸው ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ የሌባው ነገር ልክ ነዎት፤ ከማያውቀው ሰው እጅ እንዳይበላ ወደፊት እናስተምረዋለን፤ አሁን ግን የሚያጎርሱት እርስዎ ነዎት፣ የሚያውቀውም የእርስዎን እጅ ይሆናል» አላቸው። ሰንሰለቱን በተመለከተ ያቀረበው ምክንያትም በእሳቸው ቋንቋ የተነገረ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ የታሰረ ቡችላ ጉልበቱን የሚያወጣበት ስለሌለው ሲፈታ እንደ እብድ ይሆናል፣ ከአጥሩ ውጭ የሚያልፈውን ሁሉ እያየ ሊደርስበት ስለማይችል መቆጣትን ይማራል፣ የተቆጣ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የጎረቤቱን ልጅ አይለይም።

ስምምነቱ እንዲህ ሆነ። መንገዱ ገና ሰውና መኪና ሳይበዛበት ዘበኛችን ጃክን በማሰሪያ ይዘውት ይወጣሉ፤ ሲጎትታቸው ቆም ይላሉ፣ ማሰሪያው ሲላላ ይሄዳሉ። ከተመለሱ በኋላ የ«ተቀመጥ»ና የ«ልቀቅ» ልምምድ ለጥቂት ደቂቃ ይደረጋል፣ ከዚያ ቡችላው ጥላ ሥር ይተኛል፤ ሰንሰለቱ ቀርቶ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ ብቻ የሚያገለግል ረጅም ገመድ ተተካ። አሠልጣኙ የትእዛዝ ቃላቱን በአማርኛ በትልልቅ ፊደል ጽፎ በዘብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፈ፤ ልጆቹ «ሲት»፣ ቤት ሠራተኛችን «ቁጭ በል»፣ እኔ «ተቀመጥ» የምንለው ነገር ለውሻው ሦስት የተለያየ ድምፅ ስለሆነ ሁላችንም የወረቀቱን እንድንከተል ተወሰነ። ዘበኛችን ለወረቀቱ ከማናችንም በላይ ታማኝ ሆኑ። እኛ ሥራ ላይ ሳለን የተደረጉት ጉብኝቶች፣ አሠልጣኙና ዘበኛችን ብቻቸውን የሠሩባቸው፣ ከሁሉም የበለጠ ፍሬ አፍርተዋል፤ ምሽት ላይ በር ስንከፍት ተቀምጦ የሚጠብቀን ቡችላ የእሳቸው ሥራ እንጂ የእኛ አይደለም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አሠልጣኙ ሊመጣ ባልቻለበት ጊዜ በምትኩ የተላከው ወጣት ረዳት በመጀመሪያው ሰዓት ከቦርሳው የሚያንቅ የብረት ሰንሰለት አውጥቶ ጃክ አንገት ላይ አደረገ፤ ውሻው በጎተተ ቁጥር ሰንሰለቱን ወደ ላይ እየነጠቀ «አለቃው ማን እንደሆነ ማወቅ አለበት» ይል ነበር። ውሻን እንደ ተኩላ የሚያየው ይህ አስተሳሰብ በአብዛኛው የመጣው እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአጥር ውስጥ ተሰብስበው በነበሩ፣ ዝምድና በሌላቸው ተኩላዎች ላይ ከተደረገ ጥናት ነው። ዴቪድ ሚች የተባለው የተኩላ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው ጽሑፍ በዱር ያለ የተኩላ መንጋ እናት፣ አባትና ልጆች ያሉበት ቤተሰብ እንጂ ለአለቅነት የሚፋለም ጭፍራ አለመሆኑን አስረድቷል፤ የእኛዎቹ የባሌ ቀይ ቀበሮዎችም በቤተሰብ ነው የሚኖሩት። ከላይ የጠቀስኩት የአሜሪካ ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መግለጫ ለማንኛውም የውሻ ሥልጠና በሽልማት ላይ የተመሠረተ ዘዴ ብቻ እንዲሠራበት መክሯል። ረዳቱ ከሄደ በኋላ ጃክ የአንገት ቀበቶውን ሲያይ ወደ ኋላ ማለት ጀመረ፤ ይህን ለማስተው የቀጣዩ ጉብኝት ግማሽ ጊዜ ባከነ። ድርጅቱ ቅሬታችንን ተቀብሎ ረዳቱን ዳግም አልላከም፤ ሆኖም ደንበኛው ሳይስማማ ማነቂያ ሰንሰለት እንዳይወጣ የሚከለክል የጽሑፍ ደንብ እንዲያሳዩን ብንጠይቅ አላገኘንም። ውል ስትፈርሙ ይህን በግልጽ አስጽፉ፤ የሚመጣው ሰው ማን እንደሆነም ከነስሙ ይጻፍ።

ስለ ክፍያው ያለኝ ቅሬታ ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ከግልጽነቱ ማነስ የመጣ ነው። በስልክ የተነገረን የወር ዋጋ ትራንስፖርትን አያካትትም ነበር፤ ዝናብ ጥሎ የተሰረዘ ቀጠሮ ይተካ አይተካ እንደሆነም ቀድሞ አልተነገረንም። ዋጋው እንደ ሰፈሩ ርቀትና እንደ ውሻው ዕድሜ ስለሚለያይ እዚህ በቁጥር ማስቀመጡ አንባቢን ያሳስታል። በሰዓት አለማክበር ረገድም ሦስት ሰዓት ተብሎ አራት ሰዓት መድረስ ደጋግሞ አጋጥሞናል። ቡችላው በጠዋት በልቶ፣ ተጫውቶ፣ ሊተኛ ሲል የሚጀመር ሥልጠና ግማሹ እንደባከነ ስለሚቆጠር ይህ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንዳንዶቹ ልማዶች አልተፈቱም። ማታ የጎረቤት ውሻ ሲጮኽ ጃክ ይመልሳል፤ አሠልጣኙ ይህን ሙሉ ለሙሉ ማጥፋት እንደማይቻልና በዘበኛ ቤት እንደማይፈለግም በሐቀኝነት ነግሮናል። የግቢውን አፈር መቆፈሩም ቀጥሏል፤ የተሰጠን መፍትሔ አንድ ጥግ ለቁፋሮ መተው ሲሆን፣ ጃክ ጥጉን ተቀብሎ የጤናዳሙን ሥርም አልተወም።

«ለአንድ ወር ወስደን አሠልጥነን እንመልሳለን» ከሚሉት አገልግሎቶች ጋር ሲነጻጸር ቤት ድረስ የሚመጣውን ያለ ማመንታት እመርጣለሁ። ወደ ሌላ ቦታ ተወስዶ የሚሠለጥን ቡችላ ለአሠልጣኙ ታዝዞ ይመለሳል፤ እቤት ሲደርስ ግን ያው ጫማ ደጃፍ ላይ አለ፣ ያው እንግዳ ያሻሸዋል፣ ዘበኛውም ያው ሰንሰለት ይዞ ይጠብቀዋል። በተጨማሪም በዚያ ወር ውስጥ በምን ዘዴ እንደተያዘ የሚያይ የለም። ቀኑን ሙሉ እቤት የሚውል፣ ትዕግሥትና ጊዜ ያለው ሰው ግን ለንክሻውና ለሽንቱ ብቻ ብሎ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልገውም፤ ከላይ የተጻፈው ይበቃዋል። አገልግሎቱ በእርግጥ የሚጠቅመው እንደ እኛ ቡችላውን ብዙ እጅ በሚያሳድግበት ቤት ነው። ለመቅጠር ከወሰናችሁ የመጀመሪያውን ቀጠሮ በእናንተ የዕረፍት ቀን አትያዙ፤ ዘበኛችሁና የቤት ሠራተኛችሁ ሥራ ላይ ባሉበት ቀን ያዙት፤ ዘበኞቹ በፈረቃ የሚሠሩ ከሆነም ሁለቱ የሚቀያየሩበትን ሰዓት ምረጡ።